ሐርንና ብርሃንን ያዋሐደች ጥበበኛ

ተማሪዎች፣ በነፋስ ላይ የተሰጣ ስስ ጨርቅ ሲነፋ፣ ሲጠቀለልና መልሶ ሲዘረጋ ሳታዩ አልቀራችሁም። ብዙ ሰው አይቶ ያልፈዋል። ሎይ ፉለር ግን ከዚህ ተራ ነገር አዲስ የመድረክ ጥበብ አፈለቀች።

ሎይ ፉለር እ.ኤ.አ. በ1862 በአሜሪካ፣ በኢሊኖይ ግዛት፣ በቺካጎ አቅራቢያ ተወለደች። ከልጅነቷ ጀምሮ በቴያትር ብትጫወትም የረባ የውዝዋዜ ሥልጠና አላገኘችም ነበር። በ1891 በአንድ ተውኔት ውስጥ ሰፊና ረጅም ቀሚስ ለብሳ ስትጫወት፣ የጨርቁ እንቅስቃሴ ተመልካቹን እንደ ማረከ አስተዋለች። ከዚያም ደጋግማ በመለማመድ፣ እንደ እባብ በመጥመልመሉ «የእባብ ውዝዋዜ» የተባለውን ትርኢት አዘጋጀች።

ልብሷ ብዙ ክንድ ስስ ሐር የፈጀ ነበር። በውስጡ ረጃጅም ዘንጎች ስለሚገኙ፣ እነርሱን ይዛ ክንዶቿን ስታወዛውዝ ሐሩ ከራሷ በላይ ይንሳፈፋል። መድረኩ ይጨልማል፤ ባለቀለም የኤሌክትሪክ መብራቶችም ከየአቅጣጫው፣ አንዳንድ ጊዜም ከመስተዋት ወለል ሥር ያበሩባታል። በዚህ ጊዜ ተመልካቹ ሴቲቱን ይረሳና አንዴ ቢራቢሮ፣ አንዴ አበባ፣ አንዴ የእሳት ነበልባል ያያል።

ነገር ግን ዝናዋ ገና ሲጀምር ፈተና ገጠማት። በ1892 ሌላ ተወዛዋዥ ትርኢቷን ቀድታ ብታቀርብ፣ በኒውዮርክ ፍርድ ቤት ከሰሰቻት። ዳኛው ግን ውዝዋዜው ታሪክ ስለማይተርክ እንደ ተውኔት በሕግ ሊጠበቅ አይችልም ሲል ፈረደባት። እስቲ አስቡት፤ የደከመችበት ሥራ ለማንም ቀጂ ክፍት ሆነ ማለት ነው።

እርሷ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። በዚያው ዓመት ወደ ፓሪስ ተሻግራ ፎሊ ቤርዤር በተባለው ቴያትር ቤት ታላቅ አድናቆት አተረፈች። ውዝዋዜውን ሕግ ባይጠብቅላትም፣ በ1894 የልብሱን አሠራር በአሜሪካ በፈጠራ መብት አስመዘገበች። በ1900 በፓሪስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ በስሟ የተሠራ ቴያትር ነበራት። ለሳይንስም ፍቅር ስለነበራት፣ የሚያበራ ልብስ ከሬዲየም መሥራት ይቻል እንደሆነ ማሪና ፒዬር ኩሪን ጠየቀች። እነርሱም የማይሆንበትን ምክንያት አስረዷት፤ እርሷም ውለታቸውን ለመመለስ ቤታቸው ድረስ ሄዳ ትርኢቷን አሳየቻቸው።

ሎይ ፉለር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1928 በፓሪስ አረፈች። አስመሳዮቿ ልብሱንና እንቅስቃሴውን ቀድተው ይሆናል፤ ጨርቅን፣ ብርሃንንና አካልን አዋሕዳ ዘወትር አዲስ ነገር የምትፈልግበትን ትጋት ግን ሊቀዱት አልቻሉም። እናንተም የራሳችሁን ሥራ ስትጀምሩ ይህን አስታውሱ።

መልመጃ
1. ዳኛው በሎይ ፉለር ላይ የፈረደው በምን ምክንያት ነበር?
2. ፍርዱ ተገቢ ነበር ትላላችሁን? ሐሳባችሁን በማስረጃ አስደግፋችሁ በአንድ አንቀጽ ጻፉ።