ሙሴ ኢልግና ያልተሠራው ሦስተኛ መሥመር

ከመካከላችን አንዱ ያደገው በጋምቤላ ክልል በዲማ ነው። ዲማ በአኮቦ ወንዝ በኩል ከደቡብ ሱዳን ጋር የምትዋሰን፣ በወርቅ ቁፋሮ የምትታወቅ ወረዳ ናት። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚነዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በተከለከለ ጊዜ በመኝታ ቤታችን ብርቱ ክርክር ተነሣ። አብዛኞቻችን አገራችን ቤንዚን ባይኖራትም ወንዝ አላት ብለን ነገሩን ደገፍነው። የዲማው ጓደኛችን ግን መኪናው ዲማ ሲደርስ ኤሌክትሪኩን ከየት እንደሚያገኝ፣ ቢበላሽስ ማን እንደሚጠግነው ጠየቀን። የምንመልሰው አጣን። ይህን የመሰለ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ያጋጠመው መሐንዲስ ስለ ነበረ፣ የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደድን። ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

አልፍሬድ ኢልግ በ1846 ዓ.ም. በስዊስ አገር በፍራውንፌልድ ከተማ ተወለደ። በዙሪክ ምሕንድስና ተማረ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከአውሮፓ ባለሙያ መፈለጋቸውን ሰምቶ ከሁለት የእጅ ሙያተኞች ጋር ጉዞ ጀመረ፤ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ሲገባ ዕድሜው ገና 24 ዓመት ነበር። በመጀመሪያ የታዘዘው ጫማ እንዲሠራ ነው ይባላል። እውነት ከሆነ ትእዛዙ የንቀት አይመስለንም፤ ንጉሡ የፈለጉት በወረቀት ላይ የሚያውቅ ብቻ ሳይሆን እጁም የሚሠራ ሰው ነበርና።

ቀጥሎ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ። ብረትና እንጨት የሚያጓጉዝ የሠረገላ መንገድ ስላልነበረ የነበረው ኃይል የሰው ትከሻና የከብት ጀርባ ብቻ ነው። በኋላም ከእንጦጦ ግርጌ ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ አመጣ። ውሃ ሽቅብ ሲወጣ ያየው ሕዝብ ተደነቀ። ነገሩ ግን ተአምር አይደለም፤ ምንጩ ከግቢው ከፍ ያለ ከሆነ ውሃው ሸለቆውን ወርዶ በገዛ ክብደቱ እንደገና ይወጣል። እንዲህ ያለው ሥራ ገንዘብ የሚጠይቀው ቧንቧው ሲዘረጋ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማገዶ አይበላም።

ምድር ባቡር ግን ሌላ ጣጣ ነው። በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ለኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡት። ፈቃዱ ሦስት ክፍል ነበረው፤ አንደኛው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ በካፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። ከካፋ ደጋ ወደ ነጭ ዓባይ ሲወረድ የሚገኘው ቆላ ዛሬ የጋምቤላ ክልልን ይጨምራል። ስለዚህ የባቡር ሐሳብ ለዚያ አገር እንግዳ አይደለም።

ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። መሐንዲሶቹ ሐረር ተራራ ላይ መሆኗን ሲያሰሉ ዳገቱን መውጣት እጅግ ውድ ሆነባቸውና መሥመሩን በሥር በሜዳው አሳለፉት፤ ድሬዳዋም በዚሁ ምክንያት ተቈረቈረች። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ደርሶ ቆመ። ያቆመው ገንዘብ ነው። የእንፋሎት ባቡር በደረቁ በረሃ ውስጥ በየቀኑ ውሃና ማገዶ ይፈልጋል፤ የሐዲዱ ዕዳ ወለድ ግን ፉርጎው ባዶም ቢሆን ይቈጠራል። ኪራዩ ሲወደድ ነጋዴው ወደ ግመሉ ይመለሳል፤ ግመል ሐዲድም አበዳሪም አያስፈልጋትምና።

ኩባንያው በከሰረ ቊጥር አዲስ ባለገንዘብ ፈለገ። በ1894 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት በዓመት 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ሊረዳ ተዋዋለ፤ በምትኩ በመሥመሩ ላይ ሥልጣን አገኘ። ምኒልክ ሳይጠየቁ የተደረገ ውል ስለ ነበረ ተቈጡ፤ ሥራውም ተጓተተ። ኢልግ እዚህ ላይ ከወቀሳ አያመልጥም። በ1889 ዓ.ም. የመንግሥት አማካሪ ሆኖ ነበር፤ ከሸፍኖ ጋር ኩባንያውን ያቋቋመውም እሱ ነው። ሁለት ጌታ ማገልገል እንደሚያስቸግር የእሱ ታሪክ ያስረዳል።

በዚያው በ1894 ዓ.ም. እንግሊዞች በባሮ ወንዝ በኢታንግ አቅራቢያ ለንግድ ጣቢያ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት በኪራይ ለማግኘት ተዋዋሉ፤ ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተከፈተ። የምዕራቡ ቡና በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይወርድ ጀመር። ወንዝ መንገዱን ማንም ሳይሠራው የሚሰጥ ነው፤ ነገር ግን ባሮ መርከብ የሚሸከመው በክረምት በሞላ ጊዜ ብቻ ነው። በ1899 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ተስማምተው ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለውን የባቡር ሥራ ለእንግሊዝ መደቡት። እንግሊዝም አልሠራችው። ሦስተኛው መሥመር በወረቀት ላይ ቀረ።

ኢልግ በ1898 ዓ.ም. አገሩ ገባ፤ በ1908 ዓ.ም. በዙሪክ ሞተ። ባቡሩ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ አላየውም።

ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡር በኤሌክትሪክ ነው፤ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የታቀደው የሕዳሴ ግድብም በ2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የቤንዚን ሞተር ከነዳጁ ኃይል አብዛኛውን ሙቀት አድርጎ ሲያባክነው፣ የኤሌክትሪክ ሞተር አብዛኛውን ወደ ጎማው ያደርሳል። ይህ መልካም ሒሳብ ነው፤ የኢልግን ቧንቧ ይመስላል። ሆኖም ቧንቧው ግቢ ባይደርስ ኖሮ ምንጩ ለግቢው ምን ይረባው ነበር? ምሰሶው፣ ሽቦው፣ ትራንስፎርመሩ፣ የባትሪው ዋጋ፣ ሙያተኛው፣ የክረምቱ ጭቃ፤ እነዚህ ሁሉ የመኪናው ዋጋ ናቸው፤ በመሸጫው ወረቀት ላይ ግን አይጻፉም።

እኛ የኤሌክትሪክ መኪናን አንጠላም። የምንለው ሒሳቡ ከጅቡቲ ወይም ከአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን ከዲማም ይጀመር ነው። ነገ መሐንዲስና የሒሳብ ሹም የምንሆነው እኛው ነንና ሦስተኛውን መሥመር ደግመን በወረቀት ላይ ብናስቀረው በሙሴ ኢልግ ማሳበብ አንችልም።