የሄንሪ ፍሊፐር ታሪክ

በጦር ትምህርት ቤት ተማሪው በዕውቀቱም በጠባዩም ይመዘናል። በአሜሪካ አገር በዌስት ፖይንት የጦር አካዴሚ በ19ኛው መቶ ዓመት ተማሪው በየዕለቱ ለትምህርቱ ነጥብ ይሰጠው፤ ለጥፋቱም ነጥብ ይመዘገብበት ነበር። በዚህ ሚዛን ከተመዘኑት ሁሉ ሸክማቸው ከከበደባቸው ተማሪዎች አንዱ ሄንሪ ፍሊፐር ነው።

ፍሊፐር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1856 ዓ.ም. በጆርጂያ፥ በቶማስቪል ከተማ፥ በባርነት ከሚኖሩ ወላጆች ተወለደ። አባቱ ጫማ ሰፊ ነበር። ባርነት በ1865 ከተሻረ በኋላ በአትላንታ ተማረ፤ በ1873ም ዌስት ፖይንት ገባ። ከእርሱ በፊት የገቡ ጥቁሮች ነበሩ፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው የዘለቀ አልነበረም። ነጮቹ ተማሪዎች ከሥራ ጉዳይ በቀር አያነጋግሩትም። በሰልፍ መካከል እየቆመ፥ በብዙ ሰው መካከል እየበላ፥ አራት ዓመት ብቻውን ኖረ። እርሱ ግን ስድብን በስድብ አልመለሰም፤ ትምህርቱን ያዘ። በ1877 ከ76 ተመራቂዎች 50ኛ ሆኖ ዲፕሎማውን ሲቀበል ተጨበጨበለት። ከዌስት ፖይንት የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር እርሱ ነው።

ምክትል የመቶ አለቃ ሆኖም በ10ኛው ፈረሰኛ ጦር ተመደበ። በፎርት ሲል የጦር ሰፈር የረጋ ውሃ ወባ እያመጣ ወታደሩን ይጎዳ ነበርና፥ ፍሊፐር በተማረው የመሐንዲስነት ዕውቀት ቦይ አስቆፍሮ ረግረጉን አደረቀ። ቦዩም በስሙ ተጠራ።

ከባዱ ፈተና ግን በ1881 በቴክሳስ በፎርት ዴቪስ መጣ። በስንቅ ሹምነት ከያዘው ገንዘብ ጎደለ። ፍሊፐር አለቃውን ስለ ፈራ፥ ጉድለቱን ቀስ ብሎ ሊተካ አስቦ፥ ገንዘቡ ተልኳል ብሎ ተናገረ። ነገሩ ሲገለጥ የአካባቢው ሰዎች አዋጥተው ከፈሉለት። የጦር ፍርድ ቤቱም ገንዘብ በልቷል ከሚለው ክስ ነፃ ካወጣው በኋላ፥ ለመኮንን የማይገባ ጠባይ አሳይቷል በማለት ጥፋተኛ አደረገው፤ በ1882ም ከጦሩ ተሰናበተ።

ፍሊፐር ተስፋ አልቆረጠም። በሲቪል መሐንዲስነት በሜክሲኮና በአሜሪካ ብዙ ዓመት ሠራ፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤትም አገለገለ። ስሙ እንዲታደስለት ደጋግሞ አመለከተ፤ ሳይሳካለት በ1940 በአትላንታ ሞተ። የአሜሪካ ጦር ቅጣቱ ከመጠን ያለፈ መሆኑን አምኖ ስንብቱን በክብር የተደረገ ያደረገው በ1976 ነው፤ ፕሬዚዳንት ክሊንተንም በ1999 ይቅርታ ሰጡት። ዌስት ፖይንትም ችግርን በጽናት ለተወጣ ተማሪ በፍሊፐር ስም ሽልማት ይሰጣል።

ጓደኞቼ ሆይ፥ የአራት ዓመት ጥላቻ ያልበገረውን ሰው አንዲት የፍርሃት ቃል ጎዳችው። ፍርዱ አድልዎ ነበረበት፤ ቃሉ ግን የራሱ ነበረ። እንግዲህ ከፍሊፐር ሁለቱንም እንማር፤ ሰው ሲገፋን መጽናትን፥ ስንሳሳትም በዚያው ቀን እውነቱን መናገርን።