ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት፤ የተሰወረውን ምስል የገለጠ ሊቅ

በዚህ የበዓል መጽሔት ገጾች ላይ የመምህራንን መልክና ከእኛ በፊት ተምረው የወጡትን ወንድሞችና እኅቶች ምስል የሚመለከት ሁሉ፥ ያለፈውን ዘመን በዓይኑ ፊት እንደ ቆመ ሆኖ ያየዋል። ፎቶግራፍ ዛሬ በየሰው እጅ የሚገኝ ነገር በመሆኑ፥ በምን ድካም እንደ ተገኘ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ለዚህ ጥበብ የደከሙ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ከእነርሱ መካከል ግን አንዱ፥ ብርሃን ሥራውን ሁሉ ራሱ መፈጸም እንደማያስፈልገው፥ ብርሃን በጥቂቱ የጀመረውን የኬሚስትሪ ቅመም አብዝቶ ሊፈጽመው እንደሚችል ለዓለም አሳየ። ይህም ሰው እንግሊዛዊው ሊቅ ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታልቦት በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1800 ዓ. ም. በእንግሊዝ አገር በዶርሴት አውራጃ ተወለደ። አባቱ ሲሞት እርሱ ገና የአምስት ወር ሕፃን ነበረ። የወረሰውም በዊልትሺር አውራጃ የሚገኘውን ላኮክ አቢ የተባለውን ርስት፥ ከርስቱም ጋር ከባድ ዕዳን ነበር። ላኮክ አቢ በ13ኛው መቶ ዓመት የሴቶች ገዳም ሆኖ የተመሠረተ ታላቅ ሕንፃ ነው። እናቱ እመቤት ኤልሣቤጥ ግን ብልህና ብርቱ ሴት ስለ ነበረች፥ ቤቱ ለሌላ ሰው ተከራይቶ የርስቱ ዕዳ ቀስ በቀስ ሲቃለል፥ ልጇን በመልካም ትምህርት አሳደገችው። በሃሮው ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በዚያም በግሪክ ቋንቋ በጻፈው ግጥም በ1820 ሽልማት አገኘ። በሚከተለው ዓመት የሒሳብ ትምህርቱን በከፍተኛ ማዕርግ ፈጸመ። በ1831 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አባል ሆነ፤ በ1832 ኮንስታንስ ሙንዲ የተባለችውን ወይዘሮ አገባ። ለጥቂት ጊዜም የፓርላማ አባል ሆኖ አገልግሏል።

ይህን ያህል የተማረ ሰው ታላቁን አሳብ ያገኘው በሚያውቀው ነገር ሳይሆን በማይሆንለት ነገር ነው። በ1833 በጥቅምት ወር ከባለቤቱ ጋር ወደ ኢጣሊያ ሄዶ በኮሞ ሐይቅ ዳር ሳለ፥ የአገሩን ውበት ለመሣል ሞከረ። የያዘው መሣሪያ ፊት ለፊት ያለውን መልክ በፕሪዝም አማካይነት በወረቀቱ ላይ ያለ አስመስሎ የሚያሳይ ነበር፤ ሣዩም በእርሳስ መከተል ብቻ ነው የሚቀረው። ነገር ግን ታልቦት ዓይኑን ከፕሪዝሙ ባነሣ ጊዜ በወረቀቱ ላይ የቀረው መስመር የማያምር ሆነበት፤ ባለቤቱ ከእርሱ ይልቅ መልካም አድርጋ ትሥል ነበር። በዚህም ምክንያት፥ ብርሃን ራሱ ምስሉን በወረቀት ላይ ጥሎ ቢቀር ምንኛ መልካም በሆነ ነበር ብሎ ማሰብ ጀመረ።

ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በ1834 ፈተናውን ያዘ። የብር ጨዎች በብርሃን እንደሚጠቁሩ ከእርሱ በፊት የነበሩ ሊቃውንት ያውቁ ነበር። ታልቦት ጥሩ የጽሕፈት ወረቀት በገበታ ጨው ውሃ ነክሮ ካደረቀ በኋላ ሲልቨር ናይትሬት ቀባው፤ በዚህም በወረቀቱ ውስጥ ሲልቨር ክሎራይድ የተባለው የብር ጨው ተገኘ። በዚህ ወረቀት ላይ ቅጠል ወይም ዳንቴል አኑሮ ለፀሐይ ሲሰጠው፥ ብርሃን ያገኘው ክፍል ሲጠቁር የተሸፈነው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ምስሉ ኋላ እንዳይጠፋም ወረቀቱን በብዙ ጨው ውሃ ያጥበው ነበር። በ1835 በነሐሴ ወር በላኮክ ቤቱ የሚገኘውን ባለ ፍርግርግ መስኮት በትንሽ የእንጨት ካሜራ አነሣ። ባለቤቱ እነዚህን በየቦታው የተቀመጡ ትንንሽ ሣጥኖች የአይጥ ወጥመድ ትላቸው ነበር። የመስኮቱም ምስል እስከ ዛሬ ተጠብቀው ከቆዩት የካሜራ ኔጋቲቮች ሁሉ የቀደመው ነው።

በኔጋቲቭ ላይ ብርሃኑ ጥቁር፥ ጥላው ነጭ ሆኖ ይታያል። ይህን ወረቀት በሌላ በተቀባ ወረቀት ላይ አኑረው ለፀሐይ ሲሰጡት ግን መልኩ ተገልብጦ እንደ እውነቱ ይሆናል። ስለዚህ ከአንድ ኔጋቲቭ ብዙ ቅጂ ማውጣት ይቻላል። የዚህ አሳብ ጥቅም የታየው በኋላ ነው፤ ታልቦት ግን ያገኘውን ነገር ለማንም በይፋ ሳይገልጥ ወደ ሒሳብና ወደ ሌላው ጥናቱ ተመልሶ ከሦስት ዓመት በላይ ዝም አለ።

በጃኑዋሪ 7 ቀን 1839 በፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ውስጥ፥ ሉዊ ዳገር የተባለ ፈረንሳዊ የካሜራን ምስል በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ማስቀረቱ ተነገረ። ወሬው እንግሊዝ አገር ሲደርስ ታልቦት እጅግ ደነገጠ። በዚያው ወር በ25 ቀን የራሱን ሥራ በለንደን አሳየ፤ በ31 ቀንም ስለ ሥራው የጻፈው ጽሑፍ በንጉሣዊው ማኅበር ፊት ተነበበ። ነገር ግን የቀዳሚነት ክብር ወደ ዳገር ሄዶ ነበር፤ የፈረንሳይ መንግሥትም ለዳገር በየዓመቱ 6000 ፍራንክ ጡረታ ቈረጠለት። የዳገር ሥዕል በጥራቱ ከታልቦት የወረቀት ሥዕል እጅግ ይበልጣል፤ ጉድለቱ ግን እያንዳንዱ ሰሌዳ ብቻውን በመሆኑ ቅጂ የማይወጣለት መሆኑ ነበር። በዚሁ ጊዜ ወዳጁ ጆን ሄርሽል ያልተነካውን የብር ጨው በሃይፖ አጥቦ ምስሉን ማጽናት እንደሚቻል አሳየው፤ ይህ ዘዴ ከዚያ ወዲህ በፊልም ፎቶግራፍ ሁሉ ሲሠራበት ኖረ።

ከፍ ያለው ግኝት የመጣው በ1840 በመስከረም ወር ነው። እስከዚያ ድረስ በካሜራ ውስጥ ያለው ወረቀት ምስሉ በዓይን እስኪታይ ድረስ ለብዙ ጊዜ፥ አንዳንዴም ለሰዓት ያህል ብርሃን መቀበል ነበረበት፤ ሰውም ይህን ያህል ሳይነቃነቅ ሊቀመጥ አይችልም። ታልቦት ግን በሲልቨር አዮዳይድ በተዘጋጀ ወረቀት ሲሠራ፥ ጥቂት ብርሃን ብቻ ያገኘና አንዳች ነገር የማይታይበትን ወረቀት በጋሊክ አሲድና በሲልቨር ናይትሬት ድብልቅ እንደ ገና ሲቀባው ምስሉ ከወረቀቱ ውስጥ ወጥቶ እየጐላ መጣ። ጋሊክ አሲድ፥ ነፍሳት የወጉት የባሉጥ ዛፍ ከሚያወጣው እባጭ የሚገኝ ቅመም ነው። ሰዓት ይፈጅ የነበረው ሥራ ወደ ደቂቃዎች ወረደ፤ ፀሐይ ብርቱ በሆነችበት ጊዜም ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ይበቃ ነበር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጥቂት ብርሃን የብሩን ጨው ሲነካ፥ በየቅንጣቱ ላይ በዓይን ሊታዩ የማይችሉ እጅግ ጥቂት የብር አተሞች ነጻ ይወጣሉ። እነዚህ አተሞች እንደ እርሾ ናቸው፤ ቅመሙ ሲጨመር ከድብልቁ የሚወጣው ብር ብርሃን የነካውን ስፍራ ብቻ እየፈለገ በእነርሱ ዙሪያ ይከማቻል። ብርሃን ያልነካው ስፍራ እርሾ ስለሌለው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ብርሃን ምልክት ሰጠ፥ ኬሚስትሪ አበዛው ማለት ነው። ታልቦት ይህን ዘዴ ውብ ከሚለው የግሪክ ቃል አውጥቶ ካሎታይፕ ብሎ ጠራው፤ በ1842ም ንጉሣዊው ማኅበር የራምፎርድን ሜዳልያ ሸለመው። ከ1844 እስከ 1846 ድረስም 24 ፎቶግራፎች የተለጠፉበትን ዘ ፔንስል ኦቭ ኔቸር የተባለውን መጽሐፍ በስድስት ክፍል አሳተመ።

እንግዲህ የታልቦት ሕይወት ምስጋና ብቻ የተመላ አይደለም። በ1841 በካሎታይፕ ላይ የፓተንት መብት አወጣ፤ በእንግሊዝ አገር በዘዴው ለመነገድ የሚሻ ሁሉ ፈቃዱን መግዛት ነበረበት። መብቱ በማይደርስባት በስኮትላንድ ግን ዴቪድ ኦክታቪየስ ሂልና ሮበርት አዳምሰን ከ1843 ጀምሮ ያለ ክፍያ ሠርተው፥ እስከ ዛሬ የሚደነቁ ምስሎችን አወጡ። በ1851 ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር ኮሎዲዮን የተባለውን የመስተዋት ሰሌዳ ዘዴ ፓተንት ሳይጠይቅበት ለሁሉ ገለጠ። በ1868 ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡት የመሐንዲሶች ክፍል ፎቶግራፍ አንሺዎችም በመስተዋት ኔጋቲቭ ነበር የሠሩት። ታልቦት ይህም አዲስ ዘዴ በእኔ መብት ሥር ነው ብሎ ተከራከረ። በ1854 በለንደን በተደረገው ሙግት የፍርድ ሸንጎው የካሎታይፕ እውነተኛ ፈልሳፊ ታልቦት መሆኑን አጸናለት፤ ተከሳሹ ላሮሽ ግን በኮሎዲዮን በመሥራቱ መብቱን አልጣሰም ሲል ፈረደ። ከዚያ በኋላ ታልቦት መብቱን ለማሳደስ አልጠየቀም፤ ጥበቡም ለሁሉ ክፍት ሆነ። አርቸር ደግሞ ለሁሉ በነጻ ሰጥቶ በ1857 በድህነት ሞተ። ፈልሳፊ የደከመበትን ዋጋ ማግኘት እንደሚገባው የአርቸር ድህነት ያስረዳል፤ በር ዘግቶ ሌላውን መከልከል ጥበቡን እንደሚያዘገይ ደግሞ የታልቦት ሙግት ያስረዳል። በሁለቱ መካከል ትክክለኛውን መንገድ ማግኘት ዛሬም ቀላል አልሆነም።

ታልቦት በፍርዱ ተቈጥቶ ሥራውን አልተወም። የወረቀት ሥዕል ከጊዜ ብዛት እንደሚደበዝዝ አይቶ፥ ምስሉን በማተሚያ ቀለም ለማተም ፈለገ። በ1852 ፓተንት ባወጣበት ዘዴ፥ ጀላቲንን ከፖታሲየም ዳይክሮሜት ጋር ቀላቅሎ በብረት ሰሌዳ ላይ ቀባ። ብርሃን ያገኘው ጀላቲን ይጠነክራል፥ ያላገኘው ግን ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ከዚያም ብረት የሚበላ ቅመም ሲፈስበት፥ ለስላሳው ስፍራ ሲቦረቦር የጠነከረው ስፍራ ከለላ ይሆናል። በተቦረቦረው ስፍራ ቀለም ሞልቶ ማተም ይቻላል። ከዚህም ሌላ የጥንት አሦራውያንን ጽሕፈት በማንበብ ስሙ ታወቀ፤ በ1857 አራት ሊቃውንት አንዱን ጽሕፈት ለየብቻቸው ተርጉመው በታሸገ ፖስታ ሲያቀርቡና ትርጉማቸው በዋናው ነገር ሲስማማ፥ ከአራቱ አንዱ ታልቦት ነበር። በሴፕቴምበር 17 ቀን 1877 በላኮክ ቤቱ አረፈ።

ዛሬ የብር ፊልም የሚጠቀሙ ሰዎች ጥቂቶች ናቸው፤ ብዙው ሰው በስልኩ ያነሣል። ሆኖም በስልኩ ውስጥ ያለው ቺፕ ራሱ የሚሠራው ለብርሃን በሚሰማ ቅብ ነው። ቅቡ በሲሊኮን ሰሌዳ ላይ ይቀባል፤ ብርሃን በንድፉ መሠረት ይወርድበታል፤ ቅቡ በለቀቀው ስፍራ ብቻ ሰሌዳው ይቦረቦራል። ይህም የታልቦትን የብረት ሰሌዳ ያስታውሳል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ደግሞ በካሊፎርኒያ በአይ ቢ ኤም ኩባንያ ሂሮሺ ኢቶ፥ ግራንት ዊልሰንና ዣን ፍሬሼ አዲስ ቅብ አገኙ። በዚህ ቅብ ላይ ብርሃን የሚያደርገው ጥቂት አሲድ ማውጣት ብቻ ነው። ቅቡ ሲሞቅ ያ አሲድ የቅቡን ረጅም ሞለኪውሎች ጠባይ ይለውጣል፤ አንዱን ከለወጠ በኋላ ራሱ ሳያልቅ ወደሚቀጥለው ያልፋል። አንዲት የአሲድ ሞለኪውል ይህን ብዙ ጊዜ ስለምትደጋግም፥ ደካማ ብርሃን ታላቅ ሥራ ይሠራል። ቅመሙ ከታልቦት ቅመም ፈጽሞ ልዩ ነው፤ አሳቡ ግን ያው ነው።

ውድ አንባቢዎች፥ በተለይም ጓደኞቼ ተማሪዎች፤ ከዚህ ሰው ታሪክ ልንይዘው የሚገባ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፥ የሠሩትንና የመረመሩትን ነገር በመሳቢያ ዘግቶ ማቈየት ጉዳት እንዳለው ነው፤ የ1835ቱ መስኮት እስከ 1839 ባይደበቅ ኖሮ ታሪኩ በሌላ መልክ በተጻፈ ነበር። ሁለተኛው፥ በዓይን ስላልታየ ብቻ ምንም አልተሠራም ብሎ መፍረድ እንደማይገባ ነው። ታልቦት ያን ባዶ የሚመስል ወረቀት ቢጥለው ኖሮ ግኝቱም አብሮ በተጣለ ነበር። በትምህርት ቤትም ብርሃን ገብቶባቸው ገና ያልታዩ ብዙዎች አሉ፤ መምህራንና ወላጆችም ይህን አስበው እንዲታገሡ ያስፈልጋል።