ካርል ቬርነር፦ ከሕግ ውጭ ለተባሉ ድምፆች ሕግ ያገኘ የቋንቋ ሊቅ

ካርል አዶልፍ ቬርነር እ.ኤ.አ. በ1846 በዴንማርክ፣ ኦርሁስ ከተማ ተወለደ። ሃምሳ ዓመት በኖረበት ዘመን ለኅትመት ያበቃቸው ሥራዎች እጅግ ጥቂት ናቸው። ከእነዚህ መካከል አንዱ አጭር ጥናት ግን ንጽጽራዊ ሥነ ልሳን ስለ ድምፅ ሕግና ከሕጉ ስለሚያፈነግጡ ቃላት የነበረውን አስተሳሰብ ለውጦታል። ይህ ጽሑፍ የሊቁን ሕይወት ከዚህ ግኝት ጋር አያይዞ ያቀርባል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቬርነር ወደ ቋንቋ ጥናት ያዘነበለው የአገሩ ልጅ ስለሆነው ስለ ራስሙስ ራስክ ሥራዎች በማንበብ ነው። በ1864 የከፍተኛ ትምህርቱን ጀምሮ የምሥራቅ፣ የጀርመናዊና የስላቭ ቋንቋዎችን አጠና፤ በውትድርናም አገለገለ። በ1871 መጨረሻ ወደ ሩሲያ ተጉዞ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሩሲያኛ ተማረ። ይህ ጉዞ ለኋላው ሥራው መሠረት ሆኖታል ማለት ይቻላል። በሩሲያኛ የድምፅ ጫና የሚያርፍበት ቀለም ከቃል ቃል፣ አንዳንዴም በአንድ ቃል እርባታ ውስጥ ይለዋወጣልና፣ ጫናው ሁልጊዜ በሥሩ የመጀመሪያ ቀለም ላይ በሚያርፍባቸው የጀርመናዊ ቋንቋዎች ብቻ የሠለጠነ ተመራማሪ በቀላሉ የማያስተውለውን ነገር ቬርነር ማስተዋል ችሏል።

በዚያን ጊዜ የዘርፉ ምሰሶ ተደርጎ የሚታየው ያኮብ ግሪም በ1822 በዝርዝር ያቀረበው የድምፅ ለውጥ ሕግ ነበር። በዚህ ሕግ መሠረት ነዛሪ ያልሆኑት ጥንታዊ እግድ ድምፆች፣ ማለትም ፕ፣ ት እና ክ፣ በጀርመናዊ ቋንቋዎች ነዛሪ ወዳልሆኑ ሹልክልኮች ተለውጠዋል። የላቲኑ ፓቴር (አባት) በጀርመንኛ ፋተር የሆነው ስለዚህ ነው። ይሁንና ሕጉን የሚቃወሙ በርካታ ቃላት ነበሩ። ካርል ሎትነር በ1862 እነዚህን ቃላት ሰብስቦ በየመልካቸው መደባቸው፤ ሄርማን ግራስማን በ1863 ለአንዱ ምድብ መፍትሔ አገኘ። የቀረው ምድብ ግን ለዓመታት ምክንያት አልተገኘለትም።

የችግሩ መልክ በሦስት የዝምድና ስሞች ላይ ጎልቶ ይታያል። በላቲን ፓቴር፣ ማቴር እና ፍራቴር፣ ማለትም አባት፣ እናት እና ወንድም፣ ሦስቱም በመካከላቸው አንድ ዓይነት ት ይዘዋል። በጀርመንኛ ግን ፋተር እና ሙተር በት ሲነገሩ ብሩደር በድ ይነገራል። ልዩነቱ ጥንታዊ ነው፦ በጥንተ ጀርመናዊ የወንድም ስም ሕጉ እንደሚጠብቀው ነዛሪ ያልሆነ የጥርስ ሹልክልክ ሲኖረው፣ የአባትና የእናት ስሞች ግን ነዛሪውን አቻ ይዘው ነበር። አንዱ ጥንታዊ ድምፅ በተመሳሳይ አካባቢ ሁለት መንገድ የያዘው ለምን ነው?

የሥራ ባልደረባው ኦቶ የስፐርሰን ባስተላለፈው ትረካ መሠረት መልሱ የመጣው ቬርነር ለዕረፍት ጋደም ብሎ የፍራንዝ ቦፕን ንጽጽራዊ ሰዋስው ሲያገላብጥ ነው። ዓይኑ ያረፈው በሳንስክሪቶቹ ፒታር (አባት) እና ብህራታር (ወንድም) ላይ ነበር። የመጀመሪያው ቃል ጫና በሁለተኛው ቀለም፣ የሁለተኛው ግን በመጀመሪያው ቀለም ላይ ያርፋል፤ ማታር (እናት) የምትከተለውም ፒታርን ነው። የግእዝ ንባብ ቤት ተነሽና ተጣይ፣ ወዳቂና ሰያፍ ብሎ የንባቡን ስልት ለይቶ እንዳቆየ ሁሉ፣ የቬዳ የቃል ትምህርትም የጫናውን ቦታ ለብዙ ዘመናት ጠብቆ አቆይቶ ነበር። ቬርነር ሐሳቡን በ1875 ለሊቁ ቪልሄልም ቶምሰን በደብዳቤ ገለጠለት፤ ቶምሰንም እንዲያሳትመው አበረታታው። ጥናቱ የአዳልበርት ኩን መጽሔት በመባል በሚታወቀው የጀርመን መጽሔት 23ኛ ቅጽ ወጣ።

ሕጉ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ከግሪም ለውጥ የተገኘው ሹልክልክ በነዛሪ ድምፆች መካከል ሲገኝ፣ ከእሱ በፊት ያለው ቀለም ጫና ካልያዘ ነዛሪ ይሆናል፤ ከያዘ ግን እንዳለ ይቆያል። ነባሩ ስ በተመሳሳይ ሁኔታ ወደ ዝ ይለወጣል፤ በምዕራባዊና በሰሜናዊ ጀርመናዊ ቋንቋዎች ደግሞ ይህ ዝ ኋላ ር ሆኗል። በጥንታዊ እንግሊዝኛ ነጠላው ዌስ (ነበረ) ስ፣ ብዙው ዌሮን (ነበሩ) ር የያዙት ስለዚህ ነው። ይህም የማስረጃውን ኃይል ያሳያል። ቬርነር በዝምድና ስሞች ብቻ ሳይወሰን በግሥ እርባታ ውስጥ የሚታየውን የድምፅ መፈራረቅ በዚያው ሕግ ፈታው፤ በሳንስክሪት የኃላፊ ግሥ ጫና በነጠላ ቁጥር በሥሩ፣ በብዙ ቁጥር በመድረሻው ላይ ያርፋልና።

የግኝቱ አስቸጋሪ ገጽታ ሕጉን የወለደው ሁኔታ ከቋንቋዎቹ መጥፋቱ ነበር። ከድምፁ ለውጥ በኋላ በጀርመናዊ ቋንቋዎች ጫናው ወደ መጀመሪያው ቀለም ስለተሳበ ውጤቱ ቀረ፣ ምክንያቱ ግን ተሰወረ። ስለዚህ ጀርመንኛን ወይም ጎትኛን ብቻ የመረመረ ሰው ማንኛውንም ደንብ ሊያይ አይችልም ነበር። ከዚህም የለውጦቹ ቅደም ተከተል ይታወቃል፦ መጀመሪያ የግሪም ለውጥ፣ ቀጥሎ የቬርነር ለውጥ፣ በመጨረሻም የጫናው መጽናት። በኋለኛው የሥነ ድምፅ ንድፈ ሐሳብ ድብቅ ደንብ የሚባለው ችግር፣ ማለትም ውጤቱ እየታየ አስገዳጅ ሁኔታው በገሃዱ ቅርጽ ላይ የማይታይ ደንብ፣ በታሪካዊ ገጹ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም።

የቬርነር ሕግ ራሱም የሚያፈነግጡ ቃላት አሉት። በጎትኛ ግሦች ላይ የሚጠበቀው መፈራረቅ በአብዛኛው አይታይም፤ ተናጋሪዎች የግሡን ቅርጾች በምሳሌነት አመሳስለዋቸዋልና። ይህ ግን ሕጉን አያፈርስም፤ ምክንያቱም መመሳሰሉ የራሱ የሚታወቅ መንገድ አለው። በዚሁ መንፈስ በላይፕዚግ የተሰባሰቡት ወጣት ሰዋስውያን የድምፅ ሕግ ያለ ልዩነት ይሠራል የሚለውን አቋማቸውን ሲያራምዱ የቬርነርን ግኝት ዋና መከታ አደረጉት። ቬርነር ራሱ የያዘው አቋም ከዚህ የጠበበና የተጠነቀቀ ነበር፤ ደንብን የሚጥስ ነገር በብዛት ከተደጋገመ ለመጣሱም ደንብ መፈለግ አለበት የሚል ነው።

በ1877 የቦፕን ሽልማት ተቀበለ። በጀርመን፣ ሃለ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት እስከ 1882 ከሠራ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ ከ1883 ጀምሮ በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የስላቭ ቋንቋዎችን አስተማረ፤ በ1888 ፕሮፌሰር ሆነ። ሒሳባዊ ዝንባሌ ስለነበረው በፎኖግራፍ የተቀረጸ ድምፅ የሚተወውን መስመር የሚለካ መሣሪያም ሠርቶ ነበር። በ1896 ኮፐንሃገን ውስጥ አረፈ፤ ጽሑፎቹና ደብዳቤዎቹ በ1903 በአንድ ጥራዝ ታተሙ።

የሕይወቱ ትምህርት ለሥነ ድምፅ ተመራማሪ ግልጽ ነው። ከደንብ ያፈነገጠ ቃል በዝርዝር መጨረሻ ተመዝግቦ የሚተው ትርፍ መረጃ ሳይሆን ደንቡ ያላካተተው ሁኔታ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ያ ሁኔታ ደግሞ አንዳንዴ በሚጠናው ቋንቋ ውስጥ ሳይሆን በዘመዱ ዘንድ ተጠብቆ ይገኛል።