ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል (1791–1855 እ.ኤ.አ.)

የጎጃሙ መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል፣ አንድ ዓይናቸው በልጅነት የጠፋ ሊቅ ነበሩ። በ1841 ከደጃዝማች ውቤ መልእክተኞች ጋር ወደ ግብፅ ሲወርዱ ከቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ ጋር ተጓዙ፤ ሮምንም አዩ። በ1844 ካቶሊክ ሆኑ፤ በ1851 ቅስናን ተቀበሉ።

በ1854 በጎንደር ታሠሩ። በተከታዩ ዓመት፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ፊት ሃይማኖታቸውን አልክድም በማለታቸው ሞት ተፈረደባቸው። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን፣ የአገራቸው ሰው ሳይሆን፣ የቤተ ክርስቲያናቸውም ልጅ ሳይሆን ስለ እርሳቸው ማለደ፤ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል። ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እሥራት ተለወጠ። ምልጃው አንገታቸውን አተረፈ እንጂ ሰንሰለቱን አልፈታም፤ ሠራዊቱ ሲዘምት በእግር ብረት ተከትለው ተነዱ። በዚያው ዓመት በመንገድ ላይ ታመው ዐረፉ።

ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ በ1926 ብፅዕናቸውን ዐወጁ። መቃብራቸው ግን አልተገኘም።