ዓፄ ቴዎድሮስና የጋፋት እቶን

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የተጓዘ ሁሉ የፎገራን ሜዳ ያውቀዋል። ወረታ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በአዲስ ዘመን አድርጎ በጣራ ገዳም ሥር ወደ ጎንደር ያልፋል፤ ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ የደብረ ታቦርን ዳገት ይወጣል። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ እኛ ጥቂት ተማሪዎች ጣራ ገዳምን ተሳልመን ስንመለስ፣ ወረታ ላይ አንድ በያጅ የተሰበረ የሩዝ መፈተጊያ ዘንግ ሲበይድ ቆመን አየን። ከመካከላችን አንዱ እየሳቀ ቀጥቃጭ ሲል ጠራው። ሰውየው ሰምቶ እንዳልሰማ ሥራውን ቀጠለ። እኛ ግን አፈርን። ከዚያ ዳገት በላይ አንድ ንጉሠ ነገሥት የብረት ሠራተኞችን ከመኳንንቱ እኩል ያከበረበት ስፍራ አለና፣ ታሪኩን ለጓደኞቻችን ለማስታወስ ይህችን ጽሑፍ አዘጋጀን።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። በሕፃንነታቸው በገዳም ፊደል ቈጠሩ፣ ዳዊት ደገሙ። እናታቸው በችግራቸው ጊዜ ኮሶ ሸጠው አሳደጓቸው እየተባለ ይወራ ስለ ነበር፣ በኋላ ጠላቶቻቸው ይህንኑ መሰደቢያ አደረጉት። እንግዲህ ካሣ በሥራ ምክንያት መናቅ ምን እንደሚመስል ከማንም ይልቅ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

በ1840 ዓ.ም. ካሣ በሱዳን ወሰን ደባርቂ በተባለ ቦታ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠሙ። ጀግንነት አላነሳቸውም፤ ነገር ግን ምሽግ ይዞ በመድፍ የሚተኩሰው የሠለጠነ ጦር ሠራዊታቸውን ፈጀው። ከዚያ ቀን ወዲህ መድፍ ከልባቸው አልወጣም። በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት በአይሻል የራስ ዓሊን ጦር ድል አደረጉ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን ማርከው፣ እዚያው በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ቴዎድሮስ ተባሉ።

የተበታተነችውን አገር አንድ ለማድረግ የተነሡት ንጉሥ ከውጭ ገዝቶ መታጠቅ ብቻ እንደማይበቃ ተረዱ። ስለዚህ ለወንጌል ስብከት የመጡትን የአውሮፓ ባለእጆች በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አሰፈሯቸው። ከእነዚህ መካከል ቫልድማየር የተባለው የስዊስ ትምህርት ቤት ሚስዮናዊና ሞሪትዝ ሆል የተባለው ፖላንዳዊ ስማቸው የታወቀ ነው። ያገር ልጆችም ከእነርሱ ዘንድ እጅ ሥራ እንዲማሩ ተሰጡ። ንጉሡ መድፍ ሥሩ ባሏቸው ጊዜ ሰዎቹ አንችልም ብለው ነበር፤ ግን ተገድደው ሞከሩ፤ ሲበላሽ እንደገና ጀመሩ፤ በመጨረሻም ተሳካላቸው። ንጉሡ ራሳቸው እየመጡ ሥራውን ይመለከቱ፣ ባለእጆቹንም በገንዘብና በማዕርግ ይሸልሙ ነበር።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ያን ጊዜ ብረትን ከብረት ለማዋሐድ ከነበሩት መንገዶች ሁለቱን እንጥቀስ። አንደኛው በወናፍ እየተነፋ ነጭ እስኪሆን የጋለውን ብረት መስፍ ላይ አደራርቦ በመዶሻ መቀጥቀጥ ነው፤ በመካከሉ የብረት ቅርፊት ወይም አመድ ከገባ አይያያዝም። ሁለተኛው ነሐሱን አቅልጦ በጭቃ ቅርጽ ውስጥ ማፍሰስ ነው። ለትልቅ መድፍ የሚበቃውን ነሐስ አንድ እቶን ብቻውን ሊያቀልጠው ካልቻለ፣ ብዙ እቶኖች ባንድ ጊዜ መከፈት አለባቸው፤ አንዱ ቀድሞ ከረጋ ሁለተኛው አይዋሐደውም፤ ስንጥቅ ይቀራል፤ መድፉም ባሩድ ሲጎርስ በዚያች ስንጥቅ ይፈርሳል። በኤሌክትሪክ እሳት መበየድ የተጀመረው ንጉሡ ከሞቱ በኋላ በ20 ዓመት ውስጥ ነው። በዚህ ዓይነት ከተሠሩት ሁሉ ታላቁ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ነው፤ ስሙም ሩሲያ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር ከተዋጋችባት ከተማ የተወሰደ ነው።

ይሁንና ንጉሡ በብረት ያገኙትን አንድነት በሰው አላገኙትም። በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት የጻፉት ደብዳቤ መልስ ቢያጣ በ1856 ዓ.ም. ቆንሲሉን አሰሩ። በ1858 ዓ.ም. ፍላድ የተባለውን ሚስዮናዊ ባለእጆችና መኪና እንዲያመጣላቸው ወደ እንግሊዝ ላኩት፤ ሰዎቹም መሣሪያውም ምፅዋ ድረስ ደረሱ፤ ግን እስረኞቹ ስላልተፈቱ ወደ መጡበት ተመለሱ። በአገር ውስጥም ዓመፅ በዛ። ንጉሡ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ፤ የቤጌምድር ገበሬም በዘረፋና በቅጣት ተማረረ። ይህን ሳንናገር ብናልፍ ታሪክን መዋሸት ይሆንብናል።

በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ደብረ ታቦርንና ጋፋትን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ሴባስቶፖልን በብዙ መቶ ሰዎች እያስጎተቱ፣ ገደሉን እየናዱ፣ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ እያበጁ፣ ከአምስት ወር በላይ ተጓዙ። ስድሳና ሰባ ሺህ ይከተላቸው ከነበረው ሠራዊት የቀረው ጥቂት ነበር። በሚያዝያ 3 ቀን፣ በዕለተ ስቅለት፣ በአሮጌ ሜዳ ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር በተደረገው ውጊያ ከመድፎቻቸው አንዱ ባሩድ በዝቶበት ፈነዳ። በሚያዝያ 6 ቀን ቴዎድሮስ እጄን ለጠላት አልሰጥም ብለው፣ ከዚያችው ንግሥት በስጦታ በመጣላቸው ሽጉጥ ሕይወታቸውን አጠፉ።

የጋፋት ባለእጆች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ። ሴባስቶፖል ግን እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ፤ አምሳያውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። መድፉ ቀረ፤ የሠራው እጅ ሄደ። የቴዎድሮስ ትልቁ ጉድለት በእኛ አስተያየት ይኸው ነው፤ ብረቱን አዋሐዱት እንጂ ሙያውን ከሕዝቡ ጋር ለማዋሐድ ጊዜም ትዕግሥትም አላገኙም። ንቀቱም አብሯቸው አልተቀበረም። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ ስላስቸገራቸው ነው።

እኛ የሥነ ጥበብ ተማሪዎች የቴዎድሮስን ስም በግጥምና በቲያትር ማንሣት እንወዳለን። ከወረታ ስንነሣ ያ ጓደኛችን ተመልሶ በያጁን ይቅርታ ጠየቀው። ሰውየውም መከላከያውን ከፊቱ አንሥቶ እጁን ጠረገና ጨበጠው። ዘንጉ ያን ጊዜ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።