ሻምበል አበበ ቢቂላ በእጁ የተወዳደረበት ዘመን

ስለ ስመ ጥሩው ሻምበል አበበ ቢቂላ ሲነሣ የሚወራው ስለ እግሩ ነው፤ ስለ እጁ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እንደ እኛ እንደ ሞላሌዎች የሰሜን ሸዋ ልጅ ሲሆን ትውልዱ ጃቶ ነው። በ1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ፣ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ ማራቶንን አሸነፈ።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. መኪናው ተገልብጦ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ለሕክምና የተላከበት የእንግሊዙ ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል በ1940 ዓ.ም. 16 ጉዳተኞችን በተሽከርካሪ ወንበር አስቀምጦ በቀስት ያወዳደረ ነው። የሚያስደንቀው፣ ከዚህ የተወለደው የአካል ጉዳተኞች ኦሎምፒክ መጀመሪያ የተከፈተው አበበ በሮም ከሮጠ ከ8 ቀን በኋላ እዚያው ሮም ነበር።

በ1962 ዓ.ም. አበበ ራሱ በስቶክ ማንድቪል ጨዋታ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። በዓመቱ ኖርዌይ እንግዳ ሆኖ ቢጠራ፣ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ መንሸራተቻ ተወዳድሮ ሁሉንም ቀደመ።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ።